ሞታለች ያልኳት እናቴ በየማታው ትደውላለች!

የዛሬው ደብዳቤ ላይ ላዩን ሲያዩት የፍቅር ጣጣ ይመስላል። ገባ ብለው ሲያነቡት ግን ድንበር ተሻግሮ የመጣ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው «ስሜ ይቆየኝ» ስላለን ስሙን ትተን፣ ረዘም ያለውን ደብዳቤ አሳጥረን እነሆ ብለናል።

«የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ሞባይል እየጠገንኩ እኖራለሁ። የምወዳት ልጅ አለችኝ፤ እሷም ትወደኛለች። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ይላክ ብለዋል። እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።

«ለእሷ የነገርኳት ጎንደር እንደተወለድኩ፣ ሱዳን ለሥራ ሁለት ዓመት ቆይቼ እንደተመለስኩ፣ እናትና አባቴ እንደሞቱ ነው። እውነቱ እንደዛ አይደለም። የተወለድኩት ገዳሪፍ ነው። አባቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ከአርማጭሆ ተነስቶ መተማን የተሻገረ ሰው ነበር፤ እዚያው ቀረ። እሱ በርግጥ ሞቷል። እናቴ ግን አለች። ካርቱም፣ ዴም የሚባለው ሰፈር፣ መንገድ ዳር ሻይና ቡና እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ጦርነቱ ሲጀመር እሷ ገዳሪፍ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔን ‹አንተ ቅደም፣ እከተልሃለሁ› አለችኝ። አልተከተለችም።

«መተማ ስደርስ የያዝኩት አንድ ፌስታል ብቻ ነበር። የሚመዘግበው ሰው ‹የት ተወለድክ?› ሲለኝ ‹ጎንደር› አልኩ። ገዳሪፍ ብል ስደተኛ ነህ ብለው ካምፕ የሚያስገቡኝ መሰለኝ። አዲስ አበባ ደግሞ ቤት የምታከራየኝ ሴትዮ ‹እናትህስ?› አለችኝ። ‹ሞታለች› አልኩ። ሌላ ጥያቄ እንዳትጨምር ብዬ ነው። በርግጥም አልጨመረችም። ‹ነፍስ ይማር› ብላ ቡና ቀዳችልኝ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሰው እንደዛው እላለሁ።

«እናቴ ማታ ማታ ትደውላለች። ውጪ ወጥቼ ነው የማነሳው። ስናወራ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ባለፈው ‹ያ ሐቢብቲ› ስል ፍቅረኛዬ ሰማችኝ። ሌላ ሴት እንዳለችኝ ጠርጥራለች፤ ፊቷን ካጠቆረችብኝ ሳምንት ሆነ። እዚያ ‹ሐበሺ› ነበርኩ፣ እዚህ ‹ሱዳኒው› ነኝ። እውነቱን ብናገር ልጅቷን አጣለሁ፤ ዝም ብልም አጣለሁ። ምን ይሻለኛል?»

እንግዲህ ወንድሜ፣ ነገርህን በሁለት እንክፈለው። አንደኛው የመጣህበት መንገድ ነው፤ ሁለተኛው በመንገዱ ላይ የተናገርከው ነው። መጀመሪያ ስለ መንገዱ እናውራ፤ ምክንያቱም አንተ ብቻህን ያለፍክበት መስሎሃል።

መተማን አብዛኞቻችን የከተማ ልጆች የምናውቃት በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁባት ቦታ ተብላ በፈተና ትመጣለች፤ መልሱን እንጽፋለን፤ በቃ፣ አለቀ። ቆላው ግን ያለው አንድ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ግድም ቁልቁል የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ላይ ሲያበቃ፣ ማዶ የሚታየው የሱዳኑ ገላባት ነው። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በየዓመቱ የአረምና የአጨዳ ጊዜ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ «ሳሉግ» ይባላል። አንዳንዱ ሳሉግ ሠርቶ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ማዶ የተሻለ ይከፈላል ሲሉት ይሻገራል። አባትህ ከእነዚህ አንዱ ነበር ማለት ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ ተሻጋሪው ሌላ ዓይነት ሆነ። ከእስርና ከግድያ፣ ከውትድርና፣ በኋላም ከረሀብ የሸሸ ሰው በዚህ በጎንደር ቆላ በሌሊት እየተጓዘ ሱዳን ገባ። ከተሻገሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩበት። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከሱዳን ካምፖች በድብቅ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት 8,000 ያህል ይሆናሉ። በእግር መንገዱና በካምፖቹ ውስጥ ያለቁት ደግሞ 4,000 ግድም እንደሆኑ ይነገራል። ዛሬ ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። የሞቱት ሰዎች ጉዞ በአደባባይ ይነገራል፤ የልጅ ልጆቻቸው ይሰሙታል። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያማ መንገዱ ተገላበጠ። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ድሮ ሰው ይሸሽበት በነበረው በር ሰው ይሸሽበት ጀመር፤ አሁን ግን አቅጣጫው ወደኛ ነው። ሱዳናዊው፣ በሱዳን ይኖር የነበረው ኤርትራዊ፣ የሌላ አገር ዜጋው፣ እንዳንተ ያለው የኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ መተማ ላይ ቆመ። ለስደተኞቹ ኩመርና አውላላ የሚባሉ መጠለያዎች ተከፈቱ። በ2016 ዓ.ም. በዝርፊያና በጥቃት የተማረሩ 1,000 ያህል ስደተኞች ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር መስፈራቸውም በዜና ተሰምቷል። ስለዚህ «ካምፕ ያስገቡኛል ብዬ ፈራሁ» ስትል ፍርሃትህ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፌስታል ይዞ፣ ደክሞት፣ ጠረጴዛ ፊት የቆመ ሰው ለጠያቂው የሚመቸውን መልስ ይሰጣል። በዚህ የሚፈርድብህ ካለ እዚያ ሰልፍ ላይ ያልቆመ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። እስቲ አንድ መጽሐፍ ላጫውትህ።

ዲናው መንግሥቱ የሚባል ደራሲ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ከእናቱና ከእህቱ ጋር አሜሪካ ገባ፤ አባቱ ቀደም ብሎ ተሰዶ ነበር። ያደገው ፒዮሪያ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ሁለተኛ ልብ ወለዱ «ሐው ቱ ሪድ ዚ ኤር» ይባላል፤ በግርድፉ «አየሩን እንዴት እንደሚያነቡት» እንበለው። ዋናው ባለታሪክ ዮናስ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ነው። እናትና አባቱ በዱላና በጩኸት የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። አባትየው በሱዳን በኩል እንደወጣ ይታወቃል እንጂ እንዴት እንደወጣ ቁጭ ብሎ ለልጁ አጫውቶት አያውቅም።

ይህ ዮናስ ኒው ዮርክ ውስጥ ጥገኝነት ጠያቂዎችን በሚረዳ ድርጅት ይቀጠራል። ሥራው ምን መሰለህ? ስደተኞቹ የጻፉትን የሕይወት ታሪክ ማረም ነው። እያደር ግን ማረሙ ቀርቶ መጨመር ይሆናል። ታሪኩ የሳሳበትን ያወፍራል፤ መከራው ያነሰበትን ይጨምራል፤ ምክንያቱም ዳኛው የሚያምነው እንደዛ ያለውን ነው። ኋላ አስተማሪ ሲሆን ደግሞ ለተማሪዎቹ የገዛ አባቱን ጉዞ ይተርካል፤ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ወደብ፣ ከወደቡ በመርከብ ላይ ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ወደ አውሮፓ። አባቱ ያልነገረውን ከራሱ እየፈጠረ ቀን ከቀን ይቀጥላል። ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡታል።

እስከዚህ ድረስ ዮናስን እንወደዋለን። ያላወረሱትን ታሪክ በገዛ አፉ ሠራ፤ ማን ይፈርድበታል? ነገሩ የሚበላሸው ቤት ሲገባ ነው። ለቢሮ የለመደውን ለሚስቱም ያደርገዋል። ስለ ሥራው ያልሆነውን ሆነ ይላታል። እሷ ደግሞ ጠበቃ ናት፤ የምታውቀውን ታውቃለች። ትዳሩ ፈረሰ። የፈረሰው ዮናስ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ለሚፈራው ሰው የሚናገረውንና ለሚወደው ሰው የሚናገረውን መለየት ስላቃተው ነው።

ወንድሜ፣ ያንተም ጉዳይ ይኸው ነው። መተማ ላይ «ጎንደር» ያልከው ለመኖር ነው። ለአከራይህ «ሞታለች» ያልከው ጥያቄው ስለከበደህ ነው። እንግዳ ሰው ሙሉ ታሪክህን የማወቅ መብት የለውም። ግን ያንኑ መልስ ይዘህ ወደ ፍቅረኛህ ስትሄድ፣ እሷን ከመዝጋቢውና ከአከራይዋ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ አቆምካት። እሷ ግን ልታገባህ እንጂ ልትመዘግብህ አልመጣችም።

«ዝም ብልስ?» ትል ይሆናል። ዝምታን የሚያውቅ ሌላ ደራሲ ልጥቀስልህ። ሱለይማን አዶንያ ኦምሐጀር የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ልጅነቱን በሱዳን የስደተኛ ካምፕ ያሳለፈ ሰው ነው። ኦምሐጀር ከሑመራ ማዶ ናት፤ ካንተ ቆላ ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ልብ ወለዱ ርእሱ ራሱ «ዝምታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» እንደማለት ነው። በካምፕ ውስጥ ስላለች ሳባ ስለምትባል ልጅና መናገር ስለማይችል ወንድሟ ይተርካል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዝምታ ነውር አይደለም፤ ሰው ራሱን የሚጠብቅበት ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር ተናገር አልልህም። ካርቱም ውስጥ ያየኸውን ሬሳ፣ በመንገድ ያጋጠመህን፣ ላለመናገር መብትህ ነው፤ ዕድሜ ልክህን ባትናገረው የሚጠይቅህ የለም። ግን ዝም ማለትና «እናቴ ሞታለች» ማለት ለየቅል ናቸው። ዝም ያለ ሰው የደበቀው የራሱን ነው። አንተ ግን በሕይወት ያለችን ሴት ቀብረሃል።

እናም ምክራችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ከሽማግሌዎቹ በፊት ተናገር። ሽማግሌ ሲላክ የማን ልጅ ነው፣ አገሩ የት ነው መባሉ አይቀርም። በወጉ ሰባት ቤት የሚቆጥር አባትም ሊገጥማቸው ይችላል። ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት በገዛ ስማቸውና በገዛ ሽበታቸው ነው። ያልሆነውን አስይዘህ ብትልካቸው እነሱንም ዋሾ አደረግካቸው። እውነትና ንጋት ደግሞ እያደር ይጠራል፤ የሚጠራው ድግሱ ማግስት ከሆነ አጉል ነው።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ እናትህን አናግራት። ሞታለች ብዬ ነበር ብለህ ግን አታስለቅሳት። ያ ያንተ ሸክም ነው፤ ለእሷ የሚወራረስ አይደለም። ይልቅ ጠይቃት። ስንት ዓመቷ ነበር ድንበሩን ስትሻገር? ከማን ጋር? ምን በልታ? አባትህን የት አገኘችው? ዮናስ አባቱን ከራሱ ፈጥሮ የተረከው የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው። አንተ ግን በየማታው የምትደውል ባለታሪክ አለችህ፤ የምታነሳውም ውጪ ወጥተህ ተደብቀህ ነው! ሄርዝል ተራራ ላይ የሚቆሙት ቤተሰቦች ይህን ስልክ ቢያገኙ ምን ያህል በወደዱ።

ሦስተኛ፣ ለልጅቷ ስትነግራት ከከባዱ ጀምር። «እናቴ በሕይወት አለች። ሞታለች ብዬሽ ዋሽቻለሁ።» ይህ መጀመሪያ ይውጣ። ከጦርነቱ አትጀምር። ቦምቡን፣ ረሀቡን፣ መንገዱን ፊት ካስቀደምክ፣ አዝናልህ ይቅር እንድትልህ ማባበል ይሆንብሃል። ያ ደግሞ ለዳኛ የሚቀርብ ማመልከቻ ነው እንጂ ለፍቅረኛ የሚነገር ቃል አይደለም። ካመንክ በኋላ ለምን እንዳልክ በአጭሩ ንገራት፤ አታሳምር፣ አትጨምር። የማታስታውሰውን «አላስታውስም» በል። የማትችለውን «ይሄን ሌላ ጊዜ» በል።

አራተኛ፣ ቦታ ምረጥ። ሰው የሚተራመስበት ካፌ አይሁን፤ ከሥራ ተጣድፋ በምትሄድበት ሰዓትም አይሁን። ስልክህ አጠገብህ ይሁን። ትንሽ ሲረጋላት፣ ፈቃደኛ ከሆነች፣ ለእናትህ ደውልና አገናኛቸው። «ያ ሐቢብቲ» የተባለችው ማን እንደሆነች በጆሮዋ ትስማ። ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም። ግን አታስገድዳት፤ ያን ቀን ላትፈልግ ትችላለች።

አምስተኛ፣ ልትቆጣ ትችላለች። ልትለይህም ትችላለች። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሌለ ሞት አብራህ ያዘነች ልጅ ናት፤ የእናቶች ቀን ሲሆን ላንተ ስትጠነቀቅ የኖረች ልትሆን ትችላለች። ቁጣዋ ተገቢ ነው። «እኔ ስንት ያየሁ ሰው ነኝ» ብለህ አፏን አታስዘጋት። የስደት መከራ የተሳሳትከውን እንድናስተውል ይረዳናል፤ የተሳሳትከውን ግን አይሰርዘውም። ጊዜ ስጣት። ብትሄድ እንኳ እናትህን አግኝተህ ትቀራለህ፤ ዝም ብትል ግን ሁለቱንም ታጣለህ።

ስድስተኛ፣ «ሱዳኒው» ስለሚሉህ። አገር የሚሰጥህ የሰፈር ልጅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ከእናትና ከአባቱ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው የኢትዮጵያ ዜጋ እንደሚሆን ይደነግጋል። የት ተወለደ አይልም። ስለዚህ ገዳሪፍ ተወለድኩ ስትል ኢትዮጵያዊነትህን አልካድክም፤ የተወለድክበትን ከተማ ነው የተናገርከው። ወረቀትህ ላይ የተጻፈውን በሚመለከት ግን የሕግ ባለሙያ አማክርና በጊዜ አስተካክለው፤ ነገ ጋብቻ ስታስመዘግብ፣ ልጅ ስትወልድ እየጎተተ የሚመጣ ነገር ነው።

ዐረብኛህንም አትፈርበት። ካርቱም ላይ አማርኛ ያስተማረችህ ሴት አዲስ አበባ ላይ ዐረብኛ ብታናግርህ ምን ነውር አለው? ሁለቱም የእሷ ቤት ቋንቋ ነው። ሰው ሁሉ አንድ አገር ብቻ ሊኖረው ይገባል ያለው ማነው? አንተ ጎንደርን የምታውቀው በእናትህ አፍ ነው፤ ገዳሪፍን የምታውቀው በእግርህ ነው። ሁለቱንም ሳትሸራርፍ የምትናገርበት ቤት ካገኘህ፣ አገርህ እሱ ነው።

አንቺም እህታችን፣ ይህን አንብበሽ «የኔው ሰውዬ ነው» ብለሽ ከጠረጠርሽ፣ ቆጣ ማለትሽን አንቃወምም። አንድ ነገር ብቻ እንለምንሻለን። በመጀመሪያው ቀን «ሌላስ ምን ደብቀሃል?» እያልሽ እንደ መርማሪ አትቁጠሪበት። እንደዛ ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ አይተሻል፤ የሚመችሽን መልስ ይሰጥሻል። ይልቅ «እናትህ ስማቸው ማነው?» በይው። ከዚያ ይቀጥል።

ለሌሎቻችሁም አንባቢዎቻችን ይኸው ቃል ይድረሳችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በየሰፈራችን፣ በየሥራ ቦታችን በመተማ በኩል የገባ ሰው አለ። ስታገኙት «ጦርነቱ እንዴት ነበር? ሰው ሲሞት አየህ?» አትበሉት። ቡና ጋብዙት። ምን ይወድ እንደነበረ፣ እዚያ ምን ይሠራ እንደነበረ ጠይቁት። የቀረውን ሲፈልግ ይነግራችኋል፤ ካልፈለገ ቡናው አይከስርባችሁም። «ሱዳኒው» የሚለውንም ቅጽል ተዉት። ስም አለው፤ በስሙ ጥሩት።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ስልኩ ሲጮህ ውጪ አትውጣ። ክፍልህ ውስጥ ሆነህ አንሳው። ድምፅህም አይነስ። አከራይህ ብትሰማ ምንም አይደል፤ «ማነች?» ካለች «እናቴ ናት» በላት። መጀመሪያ እዚያ ላይ ከተለማመድከው ለልጅቷ መንገሩ ይቀልሃል።

የደረሰበትን ብትጽፍልን ደስ ይለናል። ቸር እንሰንብት።